ኢኮው ኖርማል ነው፤ ታዲያ ስቆም ልቤ ለምን እንዲህ ይመታል?

ቤዛ_ዲኤምቪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮቪድ ይዞኝ ከተነሳሁ ወዲህ እንደ ድሮዬ አልሆንኩም። ሳሉም ትኩሳቱም ሄደ፤ ድካሙ ግን ቀረ። ድካም ስላችሁ ደግሞ ደብል ሺፍት ሠርቼ ስገባ የሚሰማኝን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ያንን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ እንቅልፍ ካገኘሁ ይለቀኝ ነበር። ይኼኛው ተኝቼም አይለቅም። እንዲያውም ጠዋት ስነሳ ማታ ከተኛሁት ብሶብኝ ነው የምነሳው።

የሚገርመኝ ወዲያው አለመምጣቱ ነው። ዛሬ ቤት አጽድቼ፣ ልብስ አጥቤ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥቼ ደህና እውላለሁ። የሚጥለኝ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። ያኔ መብራት ይረብሸኛል፣ ሰው ሲያወራኝ ቃል ይጠፋኛል፣ ሻወር ለመውሰድ እንኳ አቅም አጣለሁ።

የልቤ ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ስተኛ ወይም እግሬን ሶፋ ላይ ሰቅዬ ስቀመጥ ምንም የለም። ስቆም ነው ጉዱ። ለልጄ ልደት ዶሮ ልሥራ ብዬ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቁሌቱን ሳማስል ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። አንገቴና ትከሻዬ ተጨምድዶ ያዘኝ፣ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ፣ የምሠራው ጠፋኝ። ጨው ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም? አላውቅም። ዝቅ ብዬ እግሬን ሳየው ከቁርጭምጭሚቴ በታች ጠቁሯል፣ አብጧል፣ ስነካው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ስል ቀስ በቀስ መለስ አለልኝ። ወጡን የጨረሰችው እህቴ ናት።

ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው፤ ቅዳሴ መቆም አልቻልኩም። መቋሚያ የያዙት አባቶች እንኳ ከእኔ ይሻላሉ። እኔ ግድግዳ ፈልጌ እደገፋለሁ፣ እሱም ካልሆነ ቁጭ ነው። ሰው ዞር እያለ ያየኛል።

የልብ ሐኪም ጋ ሄድኩ። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢሲጂ ኖርማል። የልብ አልትራሳውንዱ፣ ኢኮ የሚሉት፣ ኖርማል። ቤት ይዤው የዋልኩት ሆልተር የሚሉት ምት መዝጋቢም "አንዳንዴ ይፈጥናል እንጂ ምንም የለውም" ተባለ። የቤተሰብ ሐኪሜ ጭንቀት ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ። ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ሊሆን ይችላል ያለችኝ ሌላ ሐኪም ናት፤ እሷም ብዙ አላብራራችልኝም። እናቴ ከአዲስ አበባ እየደወለች "ደም አንሶሽ ነው፣ ቀይ ሥጋ ብዪ" ትለኛለች። ባለቤቴ ምንም አይልም፤ ግን ሰነፍሽ ማለቱ እንደሆነ ይገባኛል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ልቤ ደህና ከሆነ ስቆም ለምን እንዲህ ይሆናል? ደህና ካልሆነ ደግሞ ለምን ምርመራው ላይ አይወጣም? በዚህ የድካም በሽታና በልብ ወይም በደም ዝውውር መሃል ግንኙነት እንዳለ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ጾሙም እየመጣ ነው፤ እንዴት እንደማደርግ ጨንቆኛል።

ናቲ_ጂም፦

ቤዚ አይዞሽ። ሐኪም አይደለሁም ግን ከኮቪድ በኋላ ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ልብ ጡንቻ ነው፣ ካላሠራሽው ይሰንፋል። ትሬድሚል ላይ በቀን 10 ደቂቃ ጀምሪ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ጨምሪ። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ጥርስሽን ነክሰሽ እለፊው። ጭንቀቱንም አብሮ ያወጣልሻል።

እትዬ_ነርስ፦

ናቲዬ፣ ልብህ ቅን ነው፤ ምክርህ ግን ለዚህች ልጅ አይሆንም። ጥርስሽን ነክሰሽ እለፊው እየተባለ ስንቱ ነው ከሥራ ቤት፣ ከቤት አልጋ ላይ የዋለው። ዛሬ ሠርታ ነገ የምትወድቅ ከሆነ ሐኪሟ የጠቀሰችላት የክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ዋናው ምልክት እሱ ነው። እንግሊዞቹ በየሳምንቱ እንቅስቃሴ እያስጨመሩ ማከምን ለዓመታት ሲያዙ ኖረው ናይስ የሚባለው መመሪያ አውጪያቸው በ2021 ለዚህ በሽታ እንዳይታዘዝ አለ። በዘፈቀደ አላደረጉትም፤ የሕመምተኞቹ ጩኸት በዝቶ፣ ጥናቶቹም እንደገና ተፈትሸው ነው።

ቤዛዬ፣ እኔ ሚኒሶታ ነኝ፤ የልብ ክፍል ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከነዚያ ሁሉ ምርመራዎች ቆመሽ የተሠራልሽ አለ? ኢሲጂው ተኝተሽ ነው። ኢኮው በግራ ጎንሽ ተኝተሽ ነው። ግፊትሽን የሚለኩሽ ተቀምጠሽ ነው። አንቺ የምታመሚው ደግሞ ቆመሽ! ሆልተሩም ቢሆን ምት ይቆጥራል እንጂ በየሰዓቱ የምታደርጊውን ካልጻፍሽለት ልብሽ የፈጠነው ቆመሽ ይሁን ደረጃ ወጥተሽ አያውቅም።

ቤትሽ ልትሠሪው የምትችይው ነገር አለ። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግፊት መለኪያ አዘጋጂ። ባልሽ ወይም እህትሽ አጠገብሽ ይሁኑ፣ ብቻሽን እንዳታደርጊው። ጠዋት ቡና ሳትጠጪ 10 ደቂቃ ጸጥ ብለሽ ተኚና ግፊትሽንና ምትሽን አስጽፊ። ከዚያ ተነሺና ትከሻሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊ፤ ተረከዝሽ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። እግርሽን አታፈራርቂ፣ አታውሪ። በየደቂቃው እስከ 10 ደቂቃ ይመዝገብ። የናሳ ምርመራ ይሉታል፣ ከጠፈርተኞቹ የመጣ ነው። ልትወድቂ ከመሰለሽ ወዲያው ተኚ፤ ጀግና መሆን አያስፈልግም።

በአዋቂ ሰው ምቱ በነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ 30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ፣ ግፊቱ ደግሞ ካልወረደ፣ ፖትስ የሚባለውን፣ ሰው ሲቆም ልቡ ከልክ በላይ የሚፈጥንበትን ችግር ያሳስባል። ከ12 እስከ 19 ዓመት ላሉት መለኪያው 40 ነው። የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም ሐኪም ይፈልጋል።

ስለ እግርሽ ደግሞ። መጽሐፉ "ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ይሆናል" ይላል፤ ያ የነጭ ሰው እግር ነው። የእኛ ቆዳ ላይ እንዳልሽው ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይለይም፤ ስለዚህ ሐኪሙ ሊያልፈው ይችላል። ቆመሽ ፎቶ አንሺው፣ እግርሽን ሰቅለሽም አንሺውና ሁለቱን ጎን ለጎን አሳዪው። አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም እየሠራሽ ሳለ ድንገት ራስሽን ከሳትሽ ግን ፎቶም ጽሑፍም ትተሽ ኢመርጀንሲ ሂጂ።

ቤዛ_ዲኤምቪ፦

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ። አደረግነው፤ የመዘገበው ባለቤቴ ነው። ተኝቼ ምቴ 66፣ ግፊቴ 112 በ72። ቆሜ በሁለተኛው ደቂቃ ምቴ 94፣ በአምስተኛው 103፣ በስምንተኛው 109። ግፊቴ እምብዛም አልወረደም፤ እንዲያውም የታችኛው ወጣ ብሎ 108 በ84 ሆነ። ዘጠነኛው ላይ እጄ ሲንቀጠቀጥ "በቃ" ብሎ አስተኛኝ። ከዚያ ያ ዝም የሚለው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ጉግል ሲያደርግ አደረ።

አሁን ይበልጥ ፈራሁ። አክስቴ በልብ ድካም ነው ያረፈችው። የእኔም እሱ ይሆን?

ሐኪም_ከአዲስ፦

ሰላም ቤዛ። አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። በጽሑፍ ሰው አላክምም፤ የምነግርሽን ይዘሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆቹ ናቸው።

መጀመሪያ ፍርሃትሽን እናንሳው። በልብ ድካም ልብ ራሱ መግፋት ያቅተዋል ወይም ይደድራል። ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሲተኛ ያፍነዋል፣ ትራስ ይደራርባል። አንቺ ስትተኚ ነው የሚሻልሽ፤ ኢኮሽም ደህና ነው። የገለጽሽው ነገር ሌላ ነው።

ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ደም ወደ ሆዱና ወደ እግሩ ይወርዳል። አንድ አዋቂ በጠቅላላው ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ስለሆነ ቀላል መጠን አይደለም። ጤነኛ ሰው ላይ አንገትና ደረት ውስጥ ያሉ ነርቮች የግፊቱን ለውጥ ወዲያው ይሰሙና የሆድና የእግር ደም ስሮችን ያጠባሉ፤ የባት ጡንቻም ደሙን እየጨመቀ ወደ ላይ ይልከዋል። በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያልቅ ሰውየው አያውቀውም። ደም መልሶቹ በደንብ ካልጠበቡ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ደሙ መጠኑ ካነሰ፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ይጎድላል። ልብ ደግሞ ያልደረሰውን ከየት አምጥቶ ይረጫል? ያለው አማራጭ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው። ሮቶ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ይኼ አይጠፋውም፤ ሮቶው ሲጎድል ፓምፑ ይጮሃል እንጂ ውሃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ፓምፑን ፈታተሽ ብታዪው ምንም የለውም።

ይኼ ግምት ብቻ አይደለም፣ ተለክቷል። ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ሆስፒታል ዴቪድ ሲስትሮም የሚባል የሳንባ ሐኪም ሕመምተኞቹን ቀጭን ቱቦ በደም መልስ በኩል እስከ ሳንባ ደም ቅዳ አስገብቶ ብስክሌት ያስነዳቸዋል። ምርመራው ከባድ ነው፣ የትም ቦታ አይገኝም። ቡድኑ በ2021 ስለ 160 የክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ሕመምተኞች ሲጽፍ ያሳየው፣ ሰውነት ሲለፋ ወደ ልብ የሚገባው ደም ልብን የሚሞላበት ግፊት ዝቅ ማለቱን ነው። ገሚሶቹ ላይ ደግሞ ደሙ ቢደርስም ጡንቻው ከደሙ ኦክስጅን በደንብ አይወስድም። ሁለቱም በተለመደው ኢኮ አይታዩም።

የኔዘርላንዶቹ ጥናት ደግሞ ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። 429 ሕመምተኞችን በሚያዘነብል አልጋ ላይ እያቆሙ፣ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም በአንገት አልትራሳውንድ ለኩት። ጤነኞቹ ሲቆሙ በአማካይ 7 በመቶ ቀነሰባቸው፤ ሕመምተኞቹ 26 በመቶ። ከአሥሩ ዘጠኙ ላይ መቀነሱ ከተለመደው በላይ ነበር። እዚህ ላይ ሐኪሞችም ልብ በሉልኝ፤ ምታቸውም ግፊታቸውም ኖርማል ሆኖ የአንጎላቸው ደም የወረደባቸው ብዙ ነበሩ። ጥናቱ የወጣው በ2020 ነው። ጨው ጨምሬያለሁ አልጨመርኩም ብለሽ የተደናገርሽው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አንባቢዎች፣ የግድግዳው ምርመራ ላይ ምታችሁ 30 ስላልጨመረ ብቻ "ምንም የለብኝም" ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

እንግሊዝ ኒውካስል በኤምአርአይ ያዩ ተመራማሪዎችም በ2016 የሕመምተኞቹ ልብ ክፍሎች የሚይዙት ደም አነስ ብሎ አገኙት። ማነሱ የሄደው ከፕላዝማ፣ ማለትም ከደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ መጠን ጋር ነው እንጂ ሰውየው ከታመመበት ዘመን ርዝመት ጋር አልሄደም። ናቲ ላነሳው ነገር ይኼ ይጠቅማል፤ ከመተኛት ብዛት የመጣ ቢሆን ዘመኑ በረዘመ ቁጥር ይብስ ነበር።

ለነገሩ ታሪኩ የቆየ ነው። ጃኮብ ዳ ኮስታ የሚባል የፊላደልፊያ ሐኪም በ1871 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ ወታደሮችን ጉዳይ ጽፎ ነበር። ብዙዎቹ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ይዟቸው ከዳኑ በኋላ ልባቸው የሚመታ፣ ትንሽ ሠርተው የሚዝሉ ሰዎች ናቸው። በ1995 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንሱ ፒተር ሮው እና ባልደረቦቹ የክሮኒክ ፋቲግ ሕመምተኞችን በሚያዘነብለው አልጋ ፈትሸው ከ23ቱ 22ቱ ላይ ችግር አገኙ። ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ተገኘ ብሎ ተደሰተ። ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ የሚያቆየውን ፍሉድሮኮርቲዞን በ2001 ሲሞክሩት ግን ከሐሰተኛው ክኒን አልበለጠም። እስካሁንም ለዚህ በሽታ ተብሎ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያጸደቀው መድኃኒት የለም። በ2022 የሲስትሮም ቡድን ፒሪዶስቲግሚን የሚባለውን፣ ለጡንቻ መድከም በሽታ የሚሰጠውን መድኃኒት በ45 ሰዎች ላይ ሞክሮ የኦክስጅን አወሳሰዳቸው ትንሽ ተሻሽሏል። አንድ ክኒን አንድ ቀን ነው፤ ተስፋ ይሰጣል፣ ግን ገና ነው። በተግባር ሐኪሞች ምልክቱን ለማስታገስ ምት የሚቀንሱትን፣ አነስተኛ መጠን ያለው ቤታ ብሎከር ወይም አይቫብራዲን፣ አለዚያም ደም ስር የሚያጠብበውን ሚዶድሪን ይሞክራሉ። ለአንዱ የሆነው ለሌላው አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሌላው ነገር ይጣራ። እናትሽን አትናቂያቸው፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲን፣ ማለትም የብረት ክምችት መለኪያው፣ የሚወርድባት ሴት ብዙ ናት፣ እሱንም አስለኪ። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና መታየት አለባቸው። እኛ አገር ወጣት ሴት ልቤ ይመታል ብላ ስትመጣ ቀድሞ የምናስበው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረውን የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ኢኮሽ እሱ እንደሌለብሽ ስላሳየ ከንቱ አልነበረም። ኤምኢ/ሲኤፍኤስ (የክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ሌላ ስሙ ነው) ለማለት ደግሞ ቢያንስ 6 ወር የቆየ፣ አቅምን የቀነሰ ድካም፣ ከሥራ በኋላ የሚመጣው መውደቅና የማያሳርፍ እንቅልፍ ያስፈልጋሉ፤ ከነሱ ጋር ወይ የማሰብ ችግር ወይ ሲቆሙ የሚብስ ሕመም።

ናቲ_ጂም፦

እሺ ዶክተር፣ ተምሬያለሁ። ግን ዝም ብላ ትተኛ ነው የምትሉት? መተኛትም እኮ ልብን ያደክማል፣ ይኼ የታወቀ ነው።

ሐኪም_ከአዲስ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ናቲ። መተኛት አቅም ያሳጣል፣ እውነት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው ዛሬ ብስክሌት ላይ ተፈትኖ ነገ ቢደገም ውጤቱ ያው ነው። የኤምኢ/ሲኤፍኤስ ሕመምተኞችን ለሁለት ቀን በተከታታይ የፈተኑ ጥናቶች ላይ ግን ሁለተኛው ቀን ይወርዳል፤ የሠሩት ራሱ ያወርዳቸዋል። ፖትስ ብቻ ላለባቸው ሰዎች ተኝቶ ወይም ተቀምጦ የሚሠራ ስፖርት፣ እንደ መቅዘፊያና ጋደም ብለው የሚነዱት ብስክሌት፣ በደንብ ይጠቅማል። ሁለቱ የተደረቡበት ሰው ግን በማግስቱ ምን እንደሚሆን እያየ፣ ከአቅሙ በታች ነው መንቀሳቀስ ያለበት። በየሳምንቱ ይጨመር የሚል ሕግ የለም።

የአሽዶዱ፦

ሰላም ከአሽዶድ፣ ከእስራኤል። እኔ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ ነው የታመምኩት፤ ሞኖ የሚሉት የቫይረስ በሽታ ነው የጣለኝ። ሐኪሙ ሳይንሱን ስለነገራችሁ እኔ የኑሮውን ልጨምር።

ቤዛ እህቴ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ ውሃ ጠጪ። እኔ ማታ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ራስጌዬ አስቀምጣለሁ፣ እሷን ጨርሼ ትንሽ ቆይቼ ነው የምነሳው። ቀኑን ሙሉ ከ2 እስከ 3 ሊትር እንድጠጣ ነው የተነገረኝ። ጨው ለእኔ ታዞልኛል። ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ከሐኪም ሳይነጋገር እንዳይሞክረው፤ የእኛ ሰው ግፊት ብዙ ነው። ውሃ ብቻውን ካልጠቀመሽ ኦአርኤስ ይሻላል።

የሚያጠብቅ ካልሲ ስትገዢ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ብቻ አትግዢ። ደሙ ብዙው የሚጠራቀመው ሆድ ውስጥም ስለሆነ እስከ ወገብ የሚደርሰው፣ ወይም ሆድ ላይ የሚታሰረው ይበልጣል። አራስ ሴቶች እንደሚታሰሩት ዓይነት መቀነት የምታስረኝ እናቴ ናት፤ ጎረቤት ይስቃል፣ እኔ እቆማለሁ።

ወጥ ቁጭ ብለሽ ሥሪ። ከፍ ያለ ወንበር ምድጃው ጋ አስገቢ። ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ ክተፊ፣ በማግሥቱ አቁላዪው፤ በአንድ ቀን መጠናቀቅ አለበት ያለ የለም። ሻወር ውስጥም ወንበር፣ ውሃውም ለብ ያለ ብቻ። ሙቀት የደም ስሮችን ስለሚያሰፋ ያፈዛል። እዚህ ሃምሲን የሚሉት ሞቃት የበረሃ ነፋስ ሲነፍስ እኔ ከቤት አልወጣም፣ ለሠርግም ቢሆን።

የእጅ ሰዓቴን በእረፍት ላይ ካለኝ ምት 15 ያህል ሲያልፍ እንዲነዝረኝ አድርጌዋለሁ። ሲነዝረኝ ያለሁበት እቀመጣለሁ፤ ሱፐርማርኬት ወለል ላይም ተቀምጬ አውቃለሁ። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ በኋላ ይለመዳል። ሰዓቱን ከሰማሁት በማግስቱ አልጋ ላይ የምውለው ይቀንሳል።

ስለ ጾም ያልሽው ገብቶኛል። እኛም ቤተ እስራኤሎች በሲግድ በዓላችን ላይ ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ወጥተን፣ ቄሶቹ ጃንጥላቸው ሥር ቆመው ሲጸልዩ ጾመን ነው የምንቆመው። እኔ ታጣፊ ወንበር ይዤ እሄዳለሁ፣ ውሃም እጠጣለሁ። አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝና ነገሩን ሳስረዳቸው በሚቀጥለው ዓመት እሳቸውም ወንበር ይዘው መጡ።

ቤዛ_ዲኤምቪ፦

ሳቅሁ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ! ሁላችሁም ተባረኩ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ መቆየት እችላለሁ? ሌላው፣ ለጭንቀት የታዘዘልኝን መድኃኒት ልተወው?

እትዬ_ነርስ፦

ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ የታመመ ሰው እንዲያቀል ይፈቅዳሉ፣ አዲስ ነገር አትጠይቂያቸውም። እንደ ነርስ ግን የምነግርሽ፣ ደምሽ ከመጀመሪያውም ካነሰ ውሃ ሳትጠጪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል በገዛ እጅሽ ማባባስ ነው። ከሥጋው ከወተቱ ተከልከዪ፣ ውሃው ላይ ግን አስፈቅደሽ ጠጪ። ምግብም በአንድ ጊዜ ብዙ አትብዪ፤ ሆድ ሲሞላ ደሙ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከበላሽ በኋላ የሚያዞርሽ ለዚያ ሊሆን ይችላል።

ሐኪም_ከአዲስ፦

መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ድንገት ሲቋረጡ ራሳቸው ማዞርና የልብ ምት ያመጣሉ። ስሙን ግን አጣሪ፤ ኖርኤፒነፍሪን የሚባለውን የሰውነት ኬሚካል የሚጨምሩት ዓይነቶች፣ እንደ ቬንላፋክሲንና ዱሎክሰቲን ያሉት፣ ምት ሊያፈጥኑ ይችላሉ። ከነሱ አንዱ ከሆነ ሐኪምሽ በሌላ መተካት ይሻል እንደሆነ ይመልከትልሽ። መቼ እንደጀመርሽውና ስትቆሚ የሚመታሽ ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ የጀመረው፣ ያንንም ጻፊለት፤ ባለቤትሽ የመዘገበውን ወረቀትም አያይዢ።

ቤዛ_ዲኤምቪ፦

ከመድኃኒቱ በፊት ነው የጀመረኝ። ስሙ ግን ዱሎክሰቲን ነው! ነገ ጠዋት እደውላለሁ።